ልጁን ይዘን ሄድን፣ ሁላችንንም አስቀመጡን፦ የአንድ የቤተሰብ ምክር ማዕከል ግምገማ

አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከመገናኛ ብዙም ሳይርቅ፣ የቤተሰብ ምክር የሚሰጥ አንድ የግል ማዕከል አለ። ይህ ጽሑፍ የሱ ግምገማ ነው። ስሙን አልጠራም። የማማርርበት ነገር አለኝ፣ የልጆች ገበናም አለበት። ይልቅ እንዲህ ያለ ቦታ ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ ምን ጠይቃችሁ እንደምትገቡ፣ ምን ስታዩ ደግሞ ቦርሳችሁን አንስታችሁ እንደምትወጡ ልንገራችሁ። ለቸኮለ ሰው፦ ከአምስት ኮከብ ሦስት ተኩል። የመጀመሪያው አማካሪ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድም ይበዛበት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የታናሽ እህቴ ልጅ 14 ዓመቱ ነው። እናቱ ዱባይ ለሥራ ስትሄድ ከደብረ ብርሃን አምጥታ ታላቅ እህታችን ቤት አስቀመጠችው። እዚያ ቤት የ16 ዓመት ወንድ ልጅና የ13 ዓመት ሴት ልጅ አሉ። እናታችንም እዚያው ናት። መጀመሪያ «ልጆች ናቸው፣ ይላመዳሉ» ተባለ። ትልቁ ትንሹን ሙድ ይይዝበታል፤ በአነጋገሩ፣ በጫማው፣ በአበላሉ። ቀጥሎ ኩርኩም መጣ። ቀጥሎ «የኛን እንጀራ እየበላህ» መጣ። ከዚያ ተኝቶ አፉን ከፍቶ ፎቶ እያነሱት በቴሌግራም ለክፍል ጓደኞች መላክ ተጀመረ። ትንሹ እንቅልፍ አጣ፣ ውጤቱ ወረደ፣ እናቱ ስትደውል «ደህና ነኝ» ብቻ ይላል። እኔ አጎት ነኝ፤ ቤቴ ሌላ ሰፈር ነው። ክፍያውን በከፊል የምችለው እኔ ስለሆንኩ፣ እንደ ሽማግሌም ስለምቆጠር፣ አብሬ ሄድኩ።

ከመግቢያው ልጀምር። አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍቱ አንዳንዴ ይሠራል። እናታችን ጉልበቷን ስለሚያማት ይሄ ቀላል ነገር አልነበረም። እንግዳ ተቀባይዋ ጥሩ ናት፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የምታናግረው፣ ስምህን ወንበር ላይ በተቀመጠው ሰው ሁሉ ፊት አትጠራም። ይህን ቀላል ነገር እንዳትሉት፣ ስንት ክሊኒክ ውስጥ በሽታህ ከስምህ ጋር ኮሪደር ላይ ይጠራል።

ፎርሙ ግን አናደደኝ። «ልጁ ከወንድምና ከእህት ጋር ያለው ግንኙነት» ይላል። የአክስት ልጅ የሚጻፍበት ቦታ የለም። «አብረው የሚኖሩ ወላጆች» ይላል፤ ለአያት፣ ለአጎት፣ ለቤት ሠራተኛ ቦታ የለም። እህቴ እስክሪብቶዋን ይዛ «እናቱ ዱባይ ናት፣ አባቱ የለም፣ እኔ አክስቱ ነኝ፣ የቱ ጋ ልሙላ?» ብትላት «ጎን ላይ ይጻፉት» ተባለች። ጎን ላይ ጻፈችው። የቤታችን ታሪክ በሙሉ የወረቀቱ ጠርዝ ላይ ነው ያለው። አዲስ አበባ ውስጥ ዘመድ ቤት የሚያድግ ልጅ ስንት ነው? ለዚህ አገር ሥራ የከፈተ ሰው ፎርሙን ለዚህ አገር ቤት ማዘጋጀት ነበረበት።

ዋጋው በአንድ ቀጠሮ ከአንድ ሺህ ብር በላይ ነው፣ ቀጠሮው ደግሞ አንድ ሰዓት አይሞላም። ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ የሚከፈለው በሰው ነው ወይስ በቤተሰብ? እኛ ሳንጠይቅ ገብተን ለየብቻ የተነጋገርንበት ሁሉ ለየብቻ ተቆጠረ። ደረሰኝም ካልጠየቃችሁ አይሰጣችሁም።

አሁን ወደ መጀመሪያው አማካሪ። ወጣት ነው፣ ትሁት ነው፣ ማስታወሻ ይይዛል። ሁለቱን ልጆች ፊት ለፊት አስቀምጦ «ስሜታችሁን ተናገሩ» አላቸው። ትልቁ አንደበተ ርቱዕ ነው። «ወንድሜ ነው፣ እወደዋለሁ፣ እኔ ቀልድ መስሎኝ ነው፣ ከተሰማው ይቅርታ» አለ። ሁላችንም ልባችን ራሰ። ትንሹ ወለሉን እያየ «እሺ፣ ይቅር ብዬዋለሁ» አለ። ተቃቀፉ። አማካሪው በጣም ደስ አለው፣ እህቴ አለቀሰች፣ የእህቴ ባል ምሳ ጋበዘ። በዚያኑ ማታ ትልቁ መኝታ ቤት ውስጥ «ለሰውዬው ምንድነው ያልከው? ድገመው እስቲ» እያለ ሲያስጨንቀው አደረ።

ለምን እንዳልሠራ ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ሽምግልና ሁለት እኩል ሰዎች ሲጣሉ ነው። ድንበር የተገፋፉ ጎረቤታሞች፣ ገንዘብ የተካካዱ ሸሪኮች፣ ሁለቱም አፍ ያላቸው፣ ሁለቱም ቤታቸው ገብተው በራቸውን የሚዘጉ። እነዚህ ልጆች ግን የሚተኙት አንድ ክፍል ውስጥ ነው። አንዱ የቤቱ ልጅ ነው፣ አንዱ ተቀምጦ የሚማር። አንዱ በሁለት ዓመት ይበልጣል፣ በአንድ ክንድ ይረዝማል። ልጅ ልጅን እየደጋገመ በሚያጠቃበት ነገር ላይ፣ በእንግሊዝኛው «ቡሊ» በሚባለው፣ ዕድሜውን የጨረሰ ዳን ኦልቬየስ የሚባል የሥነ ልቦና ሊቅ ነበር፤ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በስዊድንና በኖርዌይ ሲያጠና የኖረ። እ.ኤ.አ. በ1983 ኖርዌይ ውስጥ፣ ሦስት ወንዶች ልጆች ራሳቸውን ካጠፉ በኋላ፣ አገር አቀፍ ዘመቻ ሲጀመር የመከላከያ ፕሮግራሙን የቀረጸው እሱ ነው። ቡሊ ማድረግን ከተራ ጠብ የሚለየው በሦስት ነገር ነው፦ ታስቦ የሚደረግ መሆኑ፣ መደጋገሙ፣ የጉልበት መበላለጥ መኖሩ። ሦስተኛው ባለበት ቦታ ሁለቱን አስቀምጦ «ተነጋገሩ» ማለት ለጉልበተኛው ሌላ መድረክ መስጠት ነው። ይህን የሙያው ሰው ማወቅ አለበት፣ እኛ ከፍለን ልናስተምረው አይገባም።

አማካሪ ይቀየርልን አልን። እዚህ ላይ ለማዕከሉ ሙሉ ነጥብ እሰጣለሁ። አልተከራከሩም፣ አልተቀየሙም፣ «ለምን?» ብለው ጻፉና በሳምንቱ ሌላ ሰው አገናኙን።

ሁለተኛዋ በዕድሜ የበሰለች ሴት ናት። ከዚህ በኋላ የማመሰግነው ሁሉ የሷ ነው። ገና ከመቀመጣችን «ልጁን ይዛችሁልኝ መጣችሁ፣ እኔ የምፈልገው ቤቱን ነው» አለች። ሁላችንንም ለየብቻ አስገባችን፣ ትንሹን አስቀድማ። ያወራችውን ለሌላው አላወራችም። አባትየው «ልጄ ምን አለ?» ሲላት «እሱ ሲፈልግ ይነግርዎታል፤ ሕይወቱ አደጋ ላይ ከሆነ ግን እኔው እነግርዎታለሁ» አለችው። ደንቡን ገና በመጀመሪያው ቀን ለልጆቹም ለእኛም ነገረችን። አማካሪ ስትመርጡ ይሄን ደንብ ጠይቁ። የሚያድበሰብስ ከሆነ ውጡ።

ከዛ ማንም ያልጠበቀውን ጠየቀች። «ቀን ቀን ከልጆቹ ጋር ቤት የሚውለው ማነው?» የቤት ሠራተኛዋ። «ፈቃደኛ ከሆነች ትምጣልኝ፣ ለሷ አትከፍሉም።» የእህቴ ባል ፊቱ ተለዋወጠ፤ የቤት ገመና ከሠራተኛ ሊጠየቅ? ልጅቷ ግን መጣች፣ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች፣ ቆይታ ወጣች። በኋላ በራሷ ፈቃድ እኛ ፊት የደገመችው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። «ጋሼ ትልቁን የሰደቡት ቀን ትንሹ ይመታል።»

በቃ። ስንት ወር ስንፈልገው የነበረው ነገር ይሄው ነው። ለካ ጠዋት ጠዋት ቁርስ የምታቀርበው ልጅ የአየሩን ሁኔታ ታውቀው ኖሯል። ውጤት የመጣ ቀን፣ አባትየው «አየኸው የአክስትህን ልጅ? ከክፍለ ሀገር መጥቶ አንደኛ ይወጣል፣ አንተ የግል ትምህርት ቤት እየከፈልኩልህ...» ያለበት ቀን፣ ማታ መኝታ ቤት ውስጥ ዋጋው ይከፈላል። ሰውዬው ክፉ አይደለም። ማበረታታቱ ነው። ብዙዎቻችንን ያሳደጉን በዚሁ ነው፤ «እገሌን አታይም?» እየተባልን። ችግሩ እገሌ አንድ አልጋ አጠገብህ ሲተኛ ነው። ትንሹ የተመሰገነበት ቀን የሚቀጣበት ቀን ሆነ። ስለዚህ ሆን ብሎ ውጤቱን መጣል ጀመረ። «ሰነፈ» ብለን ያየነው ልጅ ለካ ራሱን እየተከላከለ ነው።

ቀበቶም አለ። አባትየው ይገርፋል፤ ብዙ አይደለም፣ ግን ይገርፋል። ሲጠየቅ የታወቀውን መልስ ሰጠ። «እኔም ተገርፌ ነው ያደግኩት፣ ምን ሆንኩ?» አማካሪዋ አልተከራከረችውም። «ሲገረፉ ማን ላይ ይወጡት ነበር?» አለችው። ዝም አለ። ቆይቶ የታናሽ ወንድሙን ስም ጠራ። ወንድምየው ዛሬ እሱን ማናገር ካቆመ ዓመታት ሆነውታል፤ ምክንያቱን ማናችንም አናውቅም ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልውጣ። የእህቴ ባል ሕግ ይወዳል። በሌላ ቀን ሕገ መንግሥት ይዞ መጣ። አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት የመጠበቅ መብት እንዳላቸው ይላል፣ በ1987 ዓ.ም. የወጣው። «ቤት አይልም!» አለ፣ ክርክር እንደረታ ሰው። አማካሪዋ ሳቀች። «እርስዎ ሕጉን ያንብቡ፣ ልጅዎ ደግሞ እርስዎን ያነባል» አለችው። አልበርት ባንዱራ የሚባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1961 ያደረገውን ሙከራም ያን ቀን ነው የነገረችን። ትልቅ ሰው አሻንጉሊት ሲደበድብ ያዩ ሕፃናት ብቻቸውን ሲተዉ እንደዚያው ደበደቡት፣ አንዳንዶቹ ሰውዬው የተናገረውን ቃል ሳይቀር እየደገሙ። ትልቁ ልጅ ትንሹን ሲያስጨንቅ የሚናገራቸው ቃላት የማን እንደነበሩ ስናስብ ሁላችንም ቀዘቀዝን።

ሌላው ገንዘብ ነው። ይሄ የዓረብ አገር እናት ያላቸው ልጆች ባሉበት ቤት ሁሉ ያለ ይመስለኛል። ታናሽ እህቴ ልጇን ጥላ መሄዷ ያንገበግባታል፤ በሰው እጅ አዲስ ሳምሰንግ ላከችለት። የቤቱ ልጅ መስታወቱ የተሰነጠቀ ቴክኖ ነው የያዘው። ሳምሰንጉ «ለአንድ ቀን አውሰኝ» ተብሎ ሄደ፣ ሳይመለስ ከረመ። በዚያ ላይ «የኛን እንጀራ እየበላህ»። እውነቱ ምንድነው? የቤቱን ኪራይ ግማሽ የምትከፍለው ዱባይ ያለችው እናት ናት። ልጆቹ ይህን አያውቁም፤ አባትየው እንዲታወቅበት አልፈለገም። አንዱ ልጅ ባለዕዳ ነኝ ብሎ አንገቱን ደፍቶ ይኖራል፣ ሌላው አበዳሪ ነኝ ብሎ ይገዛዋል፣ ሂሳቡ ደግሞ ጭራሽ የተገላቢጦሽ ነው። አማካሪዋ ይህን ስትሰማ «ለልጆቹ ይነገራቸው» አለች። ለአባትየው ከቀበቶው ይልቅ የከበደው ይሄኛው ነበር።

እናታችንም አለች። የመጀመሪያ የልጅ ልጇ ነው ትልቁ፤ ሥጋው ለሱ ይቀደማል፣ ሪሞቱ የሱ ነው። ትንሹ ሲያለቅስ «ወንድ ልጅ እንዲህ ነው የሚጠነክረው» ትላለች። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት በወንድማማቾችና በእህትማማቾች መካከል ያለውን ቡሊ ሲመረምር ጎልቶ የወጣው ልጆች የበዙበት ቤትና የመጀመሪያ ልጅ ወይም ታላቅ ወንድም መሆን ነው። አጥኚዎቹ የሚሉት ታላቁ ልጅ አዲስ ልጅ በመጣ ቁጥር የነበረውን ፍቅርና ዕቃ የሚካፈልበት ስለሚመስለው ወንበሩን በጉልበት ያስከብራል ነው። እኛ ቤት ደግሞ አዲሱ ልጅ የመጣው አድጎ፣ ጎብዞ፣ ስልክ ይዞ ነው።

ግን ሁሉንም በቤተሰብ ላይ የሚያላክክ አማካሪም አትመኑ። እህቴ አንድ ቀን ተቆጥታ «ሴቷም እኮ እዚሁ ቤት ነው ያደገችው፣ እሷ ለምን አትማታም?» አለች። ልክ ናት። አንድ አባት፣ አንድ ቀበቶ፣ አንድ አያት፤ አንዷ ዝምተኛ፣ አንዱ ጉልበተኛ። አማካሪዋም ይህን አልካደችም። ትልቁ ከሕፃንነቱ ቶሎ የሚነድ፣ የፈለገው እስኪሆን የማይለቅ ልጅ እንደነበር ከእናቱ ጠይቃ ጻፈች። እንዲህ ያለ ባሕርይ ይዞ የተወለደ ልጅ ረጋ ያለ ቤት ካገኘ ጎበዝ ነጋዴ ሊወጣው ይችላል፤ ጩኸት የሚያሸንፍበት ቤት ካገኘ ግን ጩኸትን ይማራል። እኛ ቤት የሚሆነው ሁለተኛው ነው። ይጮኻል፣ እናቱ ሰላም ፈልጋ ትለቅለታለች፣ በሚቀጥለው ቀን ድምፁን ጨምሮ ይመጣል። አባትየው ሲመጣ ደግሞ ከሱ በላይ ጮኾ ያሸንፈዋል። ሁለቱም ወገን የሚያስተምረው ያንኑ ነው።

ሰፈር ውስጥ የምትሰሙት «ራሱን ስለሚጠላ ነው ሌላውን የሚያጠቃው» የሚል ነገር አለ። የመጀመሪያው አማካሪም ይህንኑ ብሎ «በራስ መተማመኑን እንገንባለት» ሲል ነበር። ኦልቬየስ ያገኘው ግን ሌላ ነው፤ ያጠናቸው ጉልበተኞች በአብዛኛው ለራሳቸው ያላቸው ግምት ዝቅተኛ አልነበረም። የኛን ልጅ ብታዩት ይገባችኋል። ተወዳጅ ነው። ቀልዱ ያስቃል፣ እንግዳ ሲመጣ እጅ የሚያስታጥበው እሱ ነው፣ ጓደኞቹ ይከተሉታል። ሰው ምን እንደሚጎዳው አንድ በአንድ ያውቃል፤ ባያውቅ እኮ ትንሹን የእናቱን ስም አንስቶ አይወጋውም። ሳታውቅ የሰው ቁስል አትነካም። የጎደለው ያንን ቁስል አይቶ መደንገጥ ነው። አማካሪዋ ላይ ያደነቅኩት ነገር፣ ይህን ሁሉ ነግራን «ስም አልለጥፍበትም፣ ገና 16 ነው» ማለቷ ነው። ኢንተርኔት ላይ አንብቦ የሰው ልጅን «ናርሲሲስት» (ከራሱ በቀር ማንንም የማይወድ) ብሎ የሚያሰናብት በበዛበት ጊዜ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

የትንሹም ነገር አለ፤ ጥፋቱ የሱ ነው ለማለት አይደለም። ልጁ ዝምተኛ ነው፣ ቶሎ ያለቅሳል፣ ሲነኩት ይቀላል። ጉልበተኛ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። እናቱ ብቻዋን ስላሳደገችው ጠብ ሁሉ በሷ በኩል ነበር የሚያልቅለት፤ ሱቅ እንኳ ተከራክሮ መልስ መቀበል አይወድም። 70 ጥናቶችን፣ ከ200 ሺህ በላይ ልጆችን ያጠቃለለ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ሥራ አለ፤ ፍቅርና ክትትል ያለው ወላጅ ልጁን ከቡሊ እንደሚጠብቀው፣ ከልክ ያለፈ ጥበቃ ግን ለጥቃት እንደሚያጋልጠው ያሳያል። አማካሪዋ ይህን ዱባይ ላለችው እናት እንዴት እንደምትነግራት ስትጨነቅ አየኋት። በዕረፍት ቀኗ በቦቲም፣ በኢንተርኔት መደወያው፣ ደውለን፣ ግንኙነቱ እየተቆራረጠ፣ «ጥፋተኛ ነሽ» ሳትል ነገረቻት። «ሲደውልልሽ መፍትሔ አትስጪው፣ መጀመሪያ እሱ ምን ማድረግ እንደሚፈልግ ጠይቂው።» እህቴ ማልቀሷ አልቀረም። ማዕከሉ ለዚህ ጥሪ ተጨማሪ አላስከፈለም፣ ይመዝገብለት።

ለመስማት ከሁሉ የከበደኝ ግን ሌላ ነው። ትንሹ የጎረቤቱን የስድስት ዓመት ሕፃን ደብቆ ይቆነጥጣል። ይህንንም የነገረችን ሠራተኛዋ ናት። ተጠቂም አጥቂም የሆኑ ልጆች ከሁሉም በላይ የሚከፋባቸው እንደሆኑ አማካሪዋ ስትነግረን ክፍሉ ጸጥ አለ። «ለትንሹ እንዘንለት» ብለን ትልቁን ብቻ ይዘን ብንሄድ ኖሮ ስንት ነገር ሊያመልጠን እንደነበር አስቡት።

በየወሩ ለወላጆች የሚሰጥ ነፃ የማታ ገለጻም አላቸው። ስላይዱ በጽሑፍ የተጨናነቀ ነው፣ ገለጻውን የሚሰጠው ሰው ያነበዋል፣ ቡናው ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ሌላ የእንግሊዝ አገር ጥናት አቀረቡ። 7 ሺህ የሚጠጉ ልጆች ተከታትለው፣ በ12 ዓመታቸው በወንድም ወይም በእህት በሳምንት በተደጋጋሚ የተጠቁት በ18 ዓመታቸው በድብርት የመያዝ ዕድላቸው እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ጥሩ፣ ይጠቅማል። አንድ አባት እጁን አውጥቶ «የአክስት ልጅ፣ የአጎት ልጅ ሲሆንስ?» አለ። «ያው ነው» ተባለ። ያው አይደለም! ወንድምህን «ወደ መጣህበት ሂድ» አትለውም። ዘመድ ቤት የተቀመጠ ልጅ ላይ ይህ ዛቻ ሁልጊዜ አለ፤ ባይነገርም አለ። ቢናገር ማን ላይ ይናገራል? የሚያበላችው አክስቱ የአጥቂው እናት ናት። ይህን ልዩነት ያልገባው ገለጻ ለዱባይ፣ ለቤይሩት፣ ለሪያድ እናቶች ልጆች ብዙም አይጠቅምም። አስተያየት መስጫ ወረቀት ላይ ጽፌዋለሁ።

የቴሌግራም ግሩፑን ደግሞ እንዳትገቡ። የወላጆች ግሩፕ ብለው ሳይጠይቁን አስገቡን። አንዲት እናት የልጇን ስም ከነክፍሉ ጽፋ ችግሩን ዘረዘረች። ብዙዎቻችን ጮህን፣ መልእክቱ ተሰረዘ፣ ግሩፑም በኋላ ለማስታወቂያ ብቻ ሆነ። ገመና የሚጠብቅ ቦታ እንዲህ ዓይነት ስሕተት መሥራት አልነበረበትም።

የታዘዝነው ምን ነበር? መጀመሪያ መኝታ ተለየ። ትንሹ ሳሎን ውስጥ በመጋረጃ የተከለለ አልጋና ቁልፍ ያለው ሳጥን አገኘ። ስልኩ ተመለሰለት፣ ማታ ማታ ግን የሁሉም ስልክ እህቴ ጋ ያድራል፤ የአባትየውም ጭምር፣ እሱን ያስገባችው አማካሪዋ ናት። ውጤት የሚታየው ለየብቻ ሆነ፣ ማወዳደር ክልክል። ይቅርታ ማስጠየቅም ክልክል። ትልቁ ሲመታ ወይም ሲሳደብ ያለ ጩኸት፣ ያለ ስብከት፣ ቀድሞ የተነገረው ቅጣት ይፈጸማል፤ የቅዳሜ ኳስ ይቀራል። በዚያው ልክ አባትየው በሳምንት አንድ ቀን ከትልቁ ጋር ብቻ ይወጣል፣ ስለ ትምህርት ሳያነሳ። ይህ የመጨረሻው ለኔ ሞኝነት መስሎኝ ነበር፤ የሚሸለመው አጥፊው ነው እንዴ? ውጤቱን ሳይ ግን ዝም አልኩ። ሴቷ ልጅም የቤት ሥራ ተሰጣት፦ ትልቁ ሲያላግጥ አለመሳቅ። ተመልካች የሌለው ቀልድ ቶሎ ይደክማል።

ውጤቱስ? መማታት ቆሟል። ፎቶ መላክም ቆሟል። የትንሹ እንቅልፍ ተመልሷል፣ ውጤቱም እየተነሳ ነው። ማሽሟጠጡ ግን አልፎ አልፎ አለ፣ ጓደኞቹ ሲመጡ ትንሹን እንዳላየ ያልፈዋል። ጓደኛሞች አልሆኑም፣ የሚሆኑም አይመስለኝም። አባትየው ቀበቶውን ትቷል፣ አፉን ግን ገና አልተወም። እናታችን ሥጋውን እኩል ታወጣለች፤ ሪሞቱ ላይ ገና ድርድር አለ።

ለማን እመክራለሁ? ልጁን «አስተካክሉልኝ» ብሎ ጥሎ መሄድ ለሚፈልግ አልመክርም፣ ገንዘቡ ይባክናል። ቤት ውስጥ ያሉት ትልልቆች ሁሉ ካልመጡም እንደዚያው። ልጁ «ብሞት ይሻላል» ማለት ከጀመረ ወይም ራሱን የጎዳበት ምልክት ካያችሁ ደግሞ የምክር ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በቀጥታ የአእምሮ ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ውሰዱት፣ አማኑኤልን ጨምሮ።

ለሌላው፣ ዘመድ ቤት የተቀመጠ ልጅ ላይ ነገር ሲጠረጠር ሳይቃጠል በቅጠል ብሎ መሄድ ለሚፈልግ፣ ይህን መሰል ቦታ ይጠቅማል፤ አማካሪው ትክክለኛው ሰው ከሆነ። ስትደውሉ «የአክስትና የአጎት ልጆች ጉዳይ አይታችሁ ታውቃላችሁ?» በሏቸው። ልጆቹን መጀመሪያ ለየብቻ እንደሚያናግሩ አረጋግጡ። የቅዳሜ ቀጠሮ ቶሎ ስለሚያልቅ ሰኞ ጠዋት ደውሉ፣ አቅመ ደካማ ይዛችሁ ከሆነ ሊፍቱ መሥራቱን ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ደረሰኛችሁንም ከመውጣታችሁ በፊት ተቀበሉ።